ያልተገለበጠው መዘውር

መዘውሬ እያልን የምንጠራው ጎረቤታችን የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሱቅ አለው። ከላባ በተሠራ ዝንብ ለሚያጠምዱ ደንበኞቹ መዘውር፣ ማለትም የማጥመጃ ክር መጠምጠሚያውን፣ ይሞላል። ከሥር ቀጭኑ ደጋፊ ክር፣ ከላይ ወፍራሙ መወርወሪያ ገመድ መሆን አለበት። ክሩ ምን ያህል እንደሚበቃ ለማወቅ ግን መጀመሪያ ገመዱን፣ በላዩ ክሩን እስኪሞላ ይጠመጥማል፤ ከዚያ ሁሉንም ፈትቶ ይገለብጠዋል።

ሲፈታ ጫፉን ይዛ እስከ መንገዱ ማዶ የምትሄደው ሚስቱ ነበረች። ሆን ብላ ትጎትትበት ነበር።

«አንቺ ሴት፣ ቀስ በይ እንጂ!»

«ምን ላድርግህ? ሥራህ ሁሉ ሁለቴ ነው፤ አንዴ የሠራኸው እኔን ማግባት ብቻ!»

ሰፈሩ በሳቅ ይሞት ነበር።

ባለፈው ክረምት አንድ መዘውር ሞልተው ሊገለብጡት ሲሉ፣ «ደረቴን» ብላ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። በዚያው አረፈች።

ከለቅሶው በኋላ ሱቁ እንደገና ሲከፈት የዚያ መዘውር ባለቤት መጣ።

«ጋሼ፣ የኔስ ደረሰ?»

መዘውሬ ዕቃውን አንስቶ አገላብጦ አየው። እኔ ምላሴ አርፎ አያውቅምና፣ «ጫፉን ልያዝልህ?» አልኩት።

«ተወው።»

ከመደርደሪያ አዲስ መዘውር አወረደ። ጫፉን በበሩ እጀታ አስሮ፣ ብቻውን ሞልቶ ሰጠው።

ያኛው እስካሁን መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። በቀደም አንድ አጥማጅ አይቶት፣ «ይሄ ክሩ ከላይ ሆኗል፤ ማን ነው ያበላሸው?» አለ።

«አልተበላሸም» አለው መዘውሬ። «ከባለቤቴ ጋር ጀምረነው ነው።»