ፍሬን የሌላት አውሮፕላን

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ መኪናውን ሊያስጠግን ከሰመራ ወደ ሎጊያ ሲሄድ አብሬው ሄድሁ። ከጋራዡ ፊት ለፊት ባለች ሻይ ቤት ጥላ ሥር ተቀምጬ ሳለ፣ በጅቡቲ መስመር የሚሠራ አንድ ተሳቢ ሞተሩ አልነሳ አለ። ረዳቱ በአየር ማስገቢያው በኩል ሞተር ማስነሻ ኤተር ነፋበት። ሽታው መንገዱን ተሻግሮ ደረሰኝ፤ ጣፋጭ፣ ቀዝቃዛ፣ አፍንጫ የሚወጋ። በዚያች ቅጽበት የቀኝ እጄ አንጓ ደረቀ። የያዝሁትን ብርጭቆ በግራ እጄ ተቀብዬ አስቀመጥሁት።

“ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?” አለችኝ ባለ ሻይዋ፣ ከወሎ የመጣች ሴት።

“የለም፣ ሽታው ነው።”

“ኧረ እኛስ ይኼን ካላሸተትን ምሳም አይበላልን!” ብላ ሳቀች።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ለምን እንዳልሳቅሁ ላጫውትህ።

በመንግሥት ሥራ ላይ በነበርሁበት ዘመን ማንኛውንም ጉዳይ ከመነሻው መጀመር ልማዴ ነበር፤ አሁንም መነሻውን አስቀድማለሁ። ወደ ነገሩ የገባሁት በአባቴ ሥራ ምክንያት ነው። አባቴ የአዋሽ ባቡር ጣቢያ ቴሌግራፈኛ ነበርና የምንኖረው በጣቢያው ግቢ፣ ከጥገና ክፍሉ ጀርባ ነበር። በጥገና ክፍሉ ውስጥ ሚስትም ልጅም ያልነበረው፣ ጭንቅላቱ ቀድሞ የሸበተ አንድ መካኒክ ይሠራ ነበር። የጅቡቲውን ባቡር የሚነዳ ወዳጁ አንድ ቀን በመሐረብ ጠቅልሎ የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ሞተር አመጣለት። ካንዴላ የላትም፤ ነዳጇን በመጭመቅ ብቻ የምታነድ ናት። መካኒኩ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ረጅም ጊዜ ተመለከታትና፣ “ይህችማ አካል ተሰጥቷት መብረር አለባት” አለ።

አካሏን አብረን ሠራንላት። ክንፏን በወንዙ ዳር ከሚበቅለውና ወተቱ ዓይን ከሚያቃጥለው ቅምቦ ጠረብነው፤ እንጨቱ ሲደርቅ እንደ ላባ ይቀላል። በሻይ መጠቅለያ ወረቀት አለበስነው፤ ያጣበቅነውም በግራር ሙጫ ነው። ተሠርታ ስታልቅ ከክርኔ እስከ መዳፌ እንኳ አትደርስም ነበር። ነዳጇን የምንቀምመው ከላምባ፣ ከጉሎ ዘይትና የክሊኒኩ ድሬሰር በልመና ከሚሰጠን ኤተር ነው። መያዣው የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ነበር።

እንዴት እንደምትበር ልንገርህ፤ ይህን ካልተረዳህ የሚከተለውን አትረዳውም። ከብስክሌት ፍሬን ገመድ የተፈታ ሁለት ቀጭን ሽቦ ከክንፏ ይነሣና አብራሪው እጅ ላይ ባለ የእንጨት እጀታ ይታሰራል። አብራሪው መካከል ይቆማል፤ እሷ ትዞረዋለች፤ እሱም አብሯት ይዞራል። እጀታውን ወደ ላይ ሲያዘነብለው ትወጣለች፣ ወደ ታች ሲያዘነብለው ትወርዳለች። ሞተሯ አንዴ ከተነሣ ግን ነዳጇ እስኪያልቅ የሚያቆማት ነገር የለም። “የባቡር ሰው ሆኜ ፍሬን የሌለው ነገር መሥራቴ ነው የሚያሳፍረኝ” ይል ነበር መካኒኩ። እጀታው አምልጦ ሰው እንዳይጎዳ ደግሞ በጠፍር ከእጄ አንጓ ጋር ያስርልኝ ነበር። ቋጠሮውን እኔ በአንድ እጄ ልፈታው አልችልም።

አብራሪው እኔ ነበርሁ፤ በአሥራ አምስት ዓመቴ። እፈራ ነበር። ሞተሯ ስትነሣ እንደ ተቆጣ ንብ ትጮኻለች፤ ከዚያ ዓለም በሙሉ ከኋላዋ እየተጠረገ ያልፋል፤ ግራሩ፣ የጣቢያው ውኃ ማማ፣ የአዋሽ ወንዝ ገደል አፋፍ፣ እንደገና ግራሩ። ዓይኔን ከእሷ ላይ ካነሣሁ ምድር እንደምትገለበጥብኝ አውቃለሁ። መፍራቴን የምታውቀው አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ አውሮፕላኗን ይዛ የምትለቅልኝ የጣቢያው ሻይ ቤት ባለቤት ልጅ፣ እኩያዬ።

“አንተ! ዛሬም ዞሮብህ ብትወድቅ ወላሂ የማነሣው አንተን ሳይሆን እሷን ነው!” ትለኝ ነበር።

መጀመሪያ የምናበርረው ከሐዲዱ አጠገብ ነበር። መካኒኩን ግን የቴሌግራፉ ሽቦ አስፈራው። ሽቦ ሽቦን ከነካ ልጁን ያቃጥልብኛል ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ወዳለው ሜዳ ወሰደን። ሜዳው ንጹሕ ነው፤ እሾህ የለበት፣ ምሰሶ የለበት። ያለበት የባቡሩ ድልድይና ድልድዩ በፈንጂ እንዳይመታ የሚጠብቁት ወታደሮች ብቻ ናቸው። እነሱ ደግሞ ለመዱን። እንዲያውም አንደኛው ከጥበቃ ድንኳኑ እየጮኸ፣ “አባባ፣ ጅቡቲ ትደርሳለች?” ይለው ነበር። “ሽቦ ካገኘሁላት ምን ገዷት!” ይመልሳል መካኒኩ። መካኒኩ ከቃጠሎ አዳነን፤ ወታደር የሚቀያየር መሆኑን ግን አላሰበም።

በዚያ ቀን ረፋዱ ላይ ጠባቂዎቹ ተለውጠው ነበር። እኛ አናውቅም። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲበርድ እንደ ልማዳችን ወጣን። መካኒኩ ብልቃጡን በትልቅ ቀይሮታል፤ “ዛሬ ጠግባ ትብረር” አለ። ነፋሱ ከገደሉ ትኩስ አፈርና የከሰል ጭስ ሽታ ያመጣል። ጠፍሩን አሰረልኝ። ልጅቷ ለቀቀቻት። ተነሣች።

ጥቂት ዙር እንደዞርሁ ከድንኳኑ በኩል አንድ ሰው ሲሮጥ አየሁ። ሌላ ዙር ዞሬ ስመለስ ሰውዬው ቆሟል፤ ጠመንጃው ወደ እኔ ዞሯል። በየዙሩ አየዋለሁ፣ በየዙሩ ይጠፋብኛል። ከሁሉ የከፋችው እሱ የሚጠፋብኝ ጊዜ ነበረች፤ ጀርባዬ ለእሱ የሚሆንባት።

“አውርዳት!” ሲል ሰማሁት። “አውርዳት ብያለሁ!”

“አትወርድም ጓድ! ነዳጇ ካላለቀ አትወርድም!”

“ልቀቃት!”

ያኔ የመለስሁት መልስ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እውነት ነበር፤ ሽቦው ቢፈታ ነፋሱ የሚወስዳት ወደዚያው ነበርና። “ብለቃት ወደ ድልድዩ ትሄዳለች!” አልሁት።

ጠመንጃው ሲቀባበል በሞተሩ ጩኸት መካከል ሰማሁ። በሚቀጥለው ዙር የወታደሩን ፊት አየሁት፤ ከእኔ በጥቂት ዓመት ቢበልጥ ነው። ከንፈሩ ነጥቷል። እሱም እንደ እኔ ይፈራ ነበር፤ ይህን ማየቴ ደግሞ ከጠመንጃው ይልቅ አስፈራኝ። ልጅቷ “አትተኩስ! በአላህ አትተኩስ!” እያለች ታለቅሳለች።

አሁን ሰመራ ላይ ከሰዓት የሚመጣው አውሮፕላን ከማረፉ በፊት ከቤቴ በላይ ሲዞር፣ ድምፁ ርቆ እስኪጠፋ ድረስ ባለሁበት ቆሜ እቀራለሁ። የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል።

መካኒኩ ሽቦዎቹ ከራሱ በላይ እንዲያልፉ ጎንበስ ብሎ ወደ ክቡ ገባ። ከኋላዬ መጥቶ ደረቱን ከጀርባዬ አገናኘና አብሮኝ መዞር ጀመረ። የጉሎ ዘይትና የላብ ሽታው ከበበኝ። ክንዱ ክንዴን ተከትሎ እጀታው ላይ ደረሰ።

“አታላላው ልጄ። እሷን ብቻ እይ። እሱን እኔ አይልሃለሁ” አለኝ በጆሮዬ።

በሌላኛው እጁ ቋጠሮውን ፈታና ጠፍሩን ወደ ራሱ አንጓ አዛወረው። ከዚያ “አሁን ተኛ” አለ። ተኛሁ። አፈሩ ፊቴን አቃጠለኝ፤ ሽቦዎቹ ከላዬ ሲያፏጩ እሰማለሁ። እሱም እየዞረ፣ ወደ ወታደሩ በዞረ ቁጥር አንድ አንድ ነገር እየተናገረ፣ “እኔ ነኝ የሠራኋት!” አለ፤ ቀጥሎ፣ “ልጁ የሚያውቀው የለም!”፤ ቀጥሎ፣ “ጠብቀኝ፣ ራሷ ትወርዳለች!”

ትልቁ ብልቃጥ ነበር። አላልቅ አለ። በሕይወቴ ብዙ ስብሰባ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ያን ያህል የረዘመ ጊዜ ግን አላውቅም።

በመጨረሻ ሞተሯ ሳል ያዛትና ዝም አለች። በዝምታው ውስጥ ተንሳፍፋ ወረደችና በሆዷ አሸዋው ላይ ተኛች። መካኒኩ ዙሪያው ስለዞረበት በጉልበቱ ወደቀ። ወታደሩ ከመሬት አንድ ነገር ሊያነሣ ነው ብሎ ትከሻውን በሰደፍ መታው። አጥንቱ ሲሰበር የሰማሁት መሰለኝ። ሌሎቹም ደርሰው እሱን፣ እሷን፣ የተረፈውን ነዳጅ ሳይቀር ይዘው ሄዱ።

እቤት ስደርስ አባቴ ሁሉንም ሰምቶ ነበር። አልመታኝም። በሩን ዘጋና ተቀመጠ። “ጉዳዩ እዚሁ ካለቀ ያልቃል። ከዚህ አልፎ አዲስ አበባ ከተላለፈ ግን መካኒኩን ዳግመኛ አናየውም” አለኝ። ቀጥሎም፣ “ስትጠየቅ የምታውቀውን ብቻ ተናገር። የማታውቀውን ለደግም ቢሆን አትጨምር።”

ከጥቂት ቀናት በኋላ ተጠራሁ። አባቴ እስከ ጦር ሰፈሩ በር አደረሰኝ፤ ከዚያ አላሳለፉትም። ጉዳዩን የሚመረምረው ሻለቃ ጠረጴዛው ላይ አውሮፕላኗን አስቀምጧታል፤ አንድ ክንፏ ተቀድዶ ውስጧ ተፈትሿል። ጠይም፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር፤ ዝግታው ያስፈራኝ ነበር።

“ማን ላካችሁ?”

“ማንም አልላከንም ጌታዬ።”

“ወታደሩ አውርዳት ብሎ ሲያዝህ ለምን እምቢ አልህ?”

“አትወርድም ጌታዬ። ነዳጇ ሳያልቅ አትቆምም።”

“ይህንኑ ሰውየውም ይላል። ተመካክራችኋል።” ብዕሩን አስቀመጠ። “አስነሣት።”

ከተረፈው ነዳጅ ጥቂት አፈሰስሁባት። የኤተሩ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ላስነሣት በጣቴ ስመታት ውልብልቢቷ ነከሰችኝ፤ ደም ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጠበ። እንደገና መታኋት፤ ተነሣች። የሻለቃው ወረቀቶች ተነሥተው ግድግዳ ድረስ በረሩ፤ በር ላይ የቆመው ወታደር ዘለለ።

“አጥፋት!” አለ ሻለቃው።

“እዚህ የነዳጅ ቧንቧዋን ቆንጥጬ ላጠፋት እችላለሁ፤ አየር ላይ ግን እጅ አይደርስም ጌታዬ!”

አየኝ። ከዚያ፣ “ለወታደሩ ስጣትና ግድግዳው ጋ ቁም። ከዚያ ሆነህ አጥፋት” አለኝ።

ግድግዳው ጋ ቆምሁ። ወታደሩ እንደ እባብ አርቆ ያዛት። ሦስታችንም አየናት። ሻለቃው አንድ ጊዜ ደግሞ “አጥፋት” አለ፤ እኔን ይሁን እሷን አላወቅሁም። ጮኸች፣ ጮኸች፣ ከዚያ በራሷ ጊዜ ዝም አለች። ሻለቃው ጎንበስ ብሎ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ለቀመ። “ጣትህን እጠብ፤ ሂድ” አለኝ።

ሰፈሩን ስወጣ አባቴ በሩ ላይ እንዳለ ነበር። አልጠየቀኝም። የማውቀውን ሁሉ ከማውቀው ሳላሳልፍ እንደ ተናገርሁ ከፊቴ ያየ ይመስለኛል። በሥራ ዘመኔ ሁሉ በዚያች ቀን ልክ ለመናገር ሞክሬያለሁ።

መካኒኩን ከዚያ በኋላ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው። ክንዱ በሻሽ ተንጠልጥሎ፣ አንድ ወታደር ከጎኑ ሆኖ የድሬዳዋው ባቡር ላይ ተቀምጧል። ማነጋገር ክልክል ነበር። የሻይ ቤቱ ልጅ ግን ሻይ ለመሸጥ ፈቃድ የማይጠይቅ ሰው አካሄድ ሄዳ፣ በመስኮቱ ብርጭቆ አቀበለችው። በደህናው እጁ ተቀብሎ ቀስ ብሎ ፉት አለ፤ ሻዩ ትኩስ ነበር። ሳይጨርሰው ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ብርጭቆውን ሊመልስላት እጁን አወጣ፤ እሷ አብራ እየሮጠች፣ “ይያዙት ጋሼ! ይያዙት!” አለችው። ባቡሩ እስኪሰወር እጁ በመስኮቱ ላይ ነበር።

ውሳኔው በጣቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። መካኒኩ ከተጠረጠረበት ነገር ነፃ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሆኖም ድልድይ በሚጠበቅበት ጣቢያ እንዳይሠራ ሆኖ ወደ ድሬዳዋ ጥገና ክፍል ተዛውሯል፤ የተያዘችው አውሮፕላንም ተወርሳለች። ከግንቦት አንድ ቀን ጀምሮ የጸና ነው።