ቅቤ የጠጣ ዲስክ

ይሄይስ የተበላሸ ዕቃ አለ ብሎ አያምንም። ለእሱ ሬዲዮ ያኮርፋል እንጂ አይበላሽም። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ጀርባ ባለችው ሱቁ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያኮረፈ ዕቃ ሲያስታርቅ ኖሯል፤ ከሚስቱ ጋር ግን እስካሁን አልታረቀም። እኔ አጠገቡ ሻይ ስለምሸጥ ሁሉን አያለሁ።

ባለፈው ጥር፣ ቂርቆስ ሊነግሥ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጥልፍ ጠላፊዋ ታንጉት እየሮጠች መጣች። የጥልፍ መኪናዋ አሮጌ ነው፤ ንድፉን የሚያነበው ከፍሎፒ ዲስክ ነው፤ ዛሬ የትም ከማይገኘው፣ መዳፍ ከምታህለው ስስ ፕላስቲክ። ልጇ ሰርካለም በምጥ ስትጨነቅ፣ «በሰላም ከተገላገለች ለቂርቆስ ንግሥ መስቀል የተጠለፈበት መጋረጃ አስገባለሁ» ብላ ተስላ ነበር። ሰርካለም ተገላገለች። መኪናው ግን አላነብም አለ።

«አያ ይሄይስ፣ ስለቴ ሊቀር ነው! ቂርቆስ ምን ይለኛል?»

የመስቀሉ ዲስክ የታንጉት አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ነው። ንድፉ ለሌላ ልብስ እንዳይውል ዕቃ ቤት ተቆልፎበት ይቀመጣል። ሲፈለግ የንብረቱ ጠባቂ ቄሰ ገበዝ ወልደ ገብርኤል ባጃጅ ውስጥ ጃንጥላ ዘርግተው ያመጡታል። ያን ቀንም ታንጉትን ተከትለን ቤቷ ስንደርስ ዲስኩን አምጥተው መኪናው አጠገብ ቆመው ነበር።

ይሄይስ የዲስክ ማንበቢያውን ፈታ። ዲስኩን የሚያዞረው ላስቲክ ስለላላ ከአሮጌ ቴፕ አውጥቶ ቀየረለት። አሁንም አላነበበም። ባትሪ አብርቶ የሚያነበውን ጫፍ ሲያይ ያብለጨልጫል። በጣቱ ነካና አሸተተው።

«ቅቤ ነው!» አለ።

ሁላችንም ወደ ቄሰ ገበዙ ዞርን።

«ማኅደሩ እንዳይሰነጠቅ በየዓመቱ ቅቤ እንቀባዋለን» አሉ ሳያፍሩ። እንደ ብራና መጽሐፍ ለዲስኩም የቆዳ ማኅደር አሰፍተውለት ኖሯል። «ዲስኩም ደርቆ ሲንቋቋ ብሰማው ጊዜ ትንሽ አቀመስሁት። ምነዋ፣ ምን አጠፋሁ?»

ይሄይስ ጫፉን በጥጥና ከጅጋ በመጣ አረቄ ጠረገው፤ የተረፈውን ጠጣው። ከዚያ የዲስኩን ልባስ ፈልቅቆ በውስጡ ያለችውን ቡናማ ስስ ክብ አወጣና በሳሙና አጠባት። ልባሱ ቅቤ ስለጠገበ ሌላ አስፈለገ። ታንጉት የሙሽራ ቀሚስ የምትጠልፍበትን ዲስክ ሰጠችው፤ የእሱንም ክብ አውጥቶ ሁለቱን ነጭ ጨርቅ ላይ አሰጣቸው። ሲደርቁ ልዩነት የላቸውም። አረቄውም ሥራውን ሠርቶ ነበርና የትኛዋ የማን እንደሆነች ጠፋበት።

ቄሰ ገበዙ ተነሡ። «ዐሥራ ስምንት ዓመት የጠበቅሁትን ንብረት መለየት ያቅተኛል? የእኛ ይቺ ናት!» ብለው በመስቀላቸው ጠቆሙ። በመስቀል ከተጠቆመ ማን ይከራከራል?

ክቧ በታንጉት ዲስክ ልባስ ገብታ መኪናው አነበበ። ታንጉት እልል አለች። ያላት ቀይ ከፈይ አንድ ብቻ ነው። መጀመሪያ የታየውን ኩርባ «የመስቀሉ ክንድ ነው» አልን። ቀጥሎ የመጣውን «ጌጡ ነው» አልን። ዐይን ሲወጣለት ጎንበስ ብለን አፈጠጥንበት። ሁለት ጣዎሶች ጭራቸውን ነስንሰው ምንቃር ለምንቃር ገጥመው ቁጭ አሉ፤ የሙሽራ ቀሚሱ ንድፍ።

ታንጉት መሬት ላይ ተዘርፍጣ አለቀሰች። «ለሕፃኑ ቅዱስ ቂርቆስ ወፍ ይዤለት ልሂድ?» አንጀቴን በላችው። ይሄይስ መፍቻውን ኪሱ ከትቶ አቀረቀረ።

ቄሰ ገበዙ ከፈዩን ብዙ አዩት። ተሳሳትሁ ቢሉ መስቀላቸውም አብሮ ሊሳሳት ነው።

«የወንጌሉ ብራና መጀመሪያ ላይ ምን ተሥሏል? ጣዎስ አይደለም? የእኛ ናት ብያለሁ፤ የእኛ ናት!»

መጋረጃው በንግሡ ቀን ተሰቀለ። ሰርካለም ሕፃኑን ታቅፋ ስታየው ታንጉት እንደገና አለቀሰች፤ ያን ጊዜ ግን ከደስታ ነው።

የጣዎሱ ዲስክ በመስቀሉ ዲስክ ፈንታ የቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ፤ ማኅደርም ተሰፋለት። ከዚያ ወዲህ አንዲት ሙሽራ ጣዎስ ያለበት ቀሚስ ካማራት፣ ታንጉት ለቄሰ ገበዙ ታመለክታለች። እሳቸውም በባጃጅ፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ይመጡና ጥልፉ እስኪያልቅ መኪናው አጠገብ ይቆማሉ። ይሄይስም ጥጡንና አረቄውን አዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል፤ ቅቤውን አልተዉትም።