የመርሳው የዓሣ ገንዳ

ባለፈው ሳምንት ወልድያ ልጄ ቤት ሰነበትኩ። የልጄ ባል ከስልኩ ላይ አይቶ ጓሮ ውስጥ ሁለት በርሜል አቁሟል፤ በአንዱ ዓሣ ያረባል፣ በሌላው ጠጠር ሞልቶ ሰላጣ ተክሏል። የዓሣው ውሃ ሰላጣውን ያጠጣና በጠጠሩ ተጣርቶ ይመለሳል። አንድ ጠዋት ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ሲከፍቱ ሲዘጉ አየና ጠራኝ።

"እማማ፣ እርቧቸው ይሆን?"

"አየር አጥሯቸው ነው። ምግብ አብዝተህባቸው ውሃው ተበላሽቷል። ዛሬ ምንም አትስጣቸው፤ ውሃውን በጣሳ እየቀዳህ ከላይ መልሰህ አፍስስበት" አልኩት።

ይህን ከየት እንዳወቅሁ ሲጠይቀኝ ጣሳውን አቀብዬው ገባሁ። ያወቅሁት መርሳ ነው፤ በደርግ ጊዜ፣ የሃያ ዓመት ሙሽራ ሳለሁ።

ባለቤቴ ይመር የእርሻ ባለሙያ ነበር። በተጋባን በዓመቱ ከቤታችን ጀርባ የሲሚንቶ ገንዳ ሠርቶ ከሐይቅ ቆሮሶ ዓሣ በጀሪካን አመጣ። አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ክዳኑን እየከፈተ ሲያናፍሳቸው ተሳፋሪው ሁሉ ስቆበታል። ከገንዳው አጠገብ ጠጠር የሞላበት መደብ አበጅቶ ጎመን ተከለ። እኔ ጠዋትና ማታ የዓሣውን ውሃ በባልዲ እየቀዳሁ ጎመኑ ላይ አፈሳለሁ፤ የተጣራው በቦይ ተመልሶ ይወርዳል። ያን የመሰለ ጎመን በሕይወቴ አልበላሁም፤ ቅጠሉ ሲቀነጠስ ይጮሃል።

ከዚያ ድርቁ መጣ። በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም ደመናውን ብቻ አሳይቶን አለፈ። በአቅራቢያችን ያለው የግራና እርሻ ብርቱካን ሳይበስል ረገፈ። ከደጋ የወረደው ሰው በአስፋልቱ ዳር ዳር መተኛት ጀመረ። በዚያው ሰሞን ይመር ወደ ምዕራብ የሚሄዱ ሰፋሪዎችን እንዲያደርስ ታዘዘ።

"ዘሐራ፣ አደራሽን" አለኝ ሲሄድ። "በቀን ከአንድ እፍኝ ፉርሽካ በላይ አትስጫቸው። እስኪዋለዱ ድረስ አንድም እንዳታወጭ። ከተዋለዱ ለስንቱ ይደርሳሉ፣ ኢንሻአላህ።"

ቃሌን ጠበቅሁ። ወንዙ ላይ ከቀረው ኩሬ በእንስራ እየቀዳሁ ውሃቸውን አደስኩ፣ ፀሐይ እንዳይፈጃቸው ሰሌን ዘረጋሁባቸው፣ የወደቀውን ቅጠል ለቀምኩ። አንድም ዓሣ አልታመመብኝም። እኮራበት ነበር።

አንድ ጠዋት ፉርሽካውን እየበተንኩ ቀና ስል አንዲት ሴት በአጥሩ ክፍተት ታየኛለች። አራት ዓመት የሚሆናትን ልጅ አዝላለች።

"እቴ፣ ምን ላይ ነው የምትበትኝው?"

"ዓሣ ነው።"

ውሃውን አየች። ከዚያ "ያንን ፉርሽካ ለኔ ብትሰጭኝ" አለች። ሁለት እፍኝ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠርኩላት፤ ቤት የነበረ ቁራሽ ዳቦም ጨመርኩ።

"ልጅቷ ደረቅ ነገር አልዋጥልሽ ብሏታል። ከዓሣው አንዲት ብቻ፣ ሾርባ እንዳደርግላት።"

"የኔ አይደሉም፣ የመንግሥት ናቸው" አልኩ። ውሸቴን ነበር።

"እሺ" አለች። አልተቆጣችም፣ አልለመነችም። በማግሥቱ መጥታ አጥሩ ሥር ተቀመጠች፤ አሁንም ዳቦ ሰጠኋት፤ ዓሣውን ግን አላነሳችብኝም። በሦስተኛው ቀን ቀረች።

ያን ቀን ፉርሽካውን ይዤ ገንዳው ላይ ቆምኩና ሳልበትን መልሼ አስቀመጥኩት። አራት ዓሣ አውጥቼ ቀቀልኩና በድስት ይዤ ወደ አስፋልቱ ወረድኩ። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ከአንድ የግራር ጥላ ሥር አገኘኋት። ልጅቷ አጠገቧ በነጠላ ተሸፍናለች። ፊቷም ጭምር።

"ዛሬ ጎህ ሲቀድ ነው" አለችኝ።

ድስቱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። እሷ ናት ከእጄ የተቀበለችኝ። ከድና፣ ጥቂት ራቅ ብሎ ወደተኛ የሌላ ሰው ልጅ አመለከተችኝ። "እሱን አጠጭው። እሱ ገና ይውጣል።"

በአራት ቀን ገንዳውን ባዶ አደረግሁት። እየቀቀልኩ ሳመላልስ ሴትዮዋን አንድ ጊዜ አየኋት፤ ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

ይመር ከወር በኋላ ከሲታ ሆኖ ተመለሰ። ጓሮ ዞሮ ደረቁን ገንዳ አየ።

"ሞቱ?"

"አልሞቱም" ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሰፋሪዎቹን በጫኑት መኪናዎች ላይ ያየውን ያኔም ሆነ በኋላ ነግሮኝ አያውቅም።

"ጥፋቱ የኔ ነው፤ አታውጭ ያልኩሽ እኔ ነኝ" አለ።

እስኪሞት ድረስ ይህን ቃሉን አልቀየረም፤ እኔም አልተቀበልኩትም። ከአጥሩ ማዶ የቆመችውን ያየሁት እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም። ያን ጊዜ የሚያስታውሱ ጥቂት የመርሳ ሰዎች ዛሬም ሲያገኙኝ ስላበላሁት ሾርባ ይመርቁኛል። አንገቴን ደፍቼ አሜን እላለሁ። ከሾርባው በፊት ሴትዮዋ ወደ አጥሬ ስለመጣችባቸው ሁለት ቀናት የሚያውቅ ግን ከእነሱ መካከል የለም።