ጀማልን ከጨፋ ሮቢት ደሴ ስናደርስ

ንጋት፣ ኮምቦልቻ

የሱብሂ አዛን ካበቃ ብዙም ሳይቆይ የቶፊቅ መኪና ደጄ ላይ ቆመች። ቶፊቅ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ አሮጌ ነጭ መኪናውን ለሠርግም ለለቅሶም ያከራያል። ዛሬ የምንሄደው ጨፋ ሮቢት ነው። ጓደኛዬን ጀማልን ከዚያ ይዘን ደሴ ሆስፒታል እናደርሰዋለን።

እኔና ጀማል ሮቢት ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት አስተምረናል። እኔ ወደ ኮምቦልቻ ተዛወርኩ፣ እሱ እዚያው ቀረ። ከሁለት ዓመት በፊት የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገልብጦ አከርካሪው ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም። አሁን ደግሞ በመተኛት ብዛት ዳሌው ላይ ቁስል ወጥቶበታል።

"ጋሼ፣ ቀበቶ!" አለኝ ቶፊቅ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ።

ፈልጌ ፈልጌ ከወንበሩ ልብስ ስር አወጣሁት።

"ያለፈው ተሳፋሪ ነው የቀበረው" አለና ሳቀ። "ኬላ ሲደርሱ ያስሩታል፣ ኬላውን ሲያልፉ ይፈቱታል።"

ሐርቡ ስንደርስ ቆላው በሙቀቱ ተቀበለን። ጃኬቴን አወለቅሁ።

ጠዋት፣ ከሚሴ

ከተማው ገና ከእንቅልፉ መንቃቱ ነው፤ ባጃጆቹ ግን አስፋልቱን ሞልተውታል። አንዱ ከጎን መንገድ ሳያይ ወጥቶ ከፊታችን ገባ። ቶፊቅ ፍሬኑን ረገጠና በመስኮት አንገቱን አወጣ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። "አካም ቡልቴ?" ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደርክ አለው። ባለባጃጁ አፍሮ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

ፉልና ትኩስ ዳቦ በላን። ቤቱ ውስጥ የተቀመጡት አብዛኞቹ ወደ ሰንበቴ ገበያ የሚወርዱ የከብት ነጋዴዎች ናቸው፤ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ሚኒባስ ይጠራቸዋል፣ እየሮጡ ይወጣሉ። በሩ ላይ የቆመው ሚኒባስ ጣሪያው ላይ ፍየሎች ታስረዋል፣ ውስጡ ሰው በሰው ላይ ተደርቧል።

ከከሚሴ በኋላ የጨፋ ሜዳ ይዘረጋል። ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ ከብቱ ወደ ቦርከና ይወርዳል። ገበሬዎች የአስፋልቱን ግማሽ ይዘው ማሽላ አስጥተዋል። አንድ ከባድ መኪና ማሽላውን ሸሽቶ ወደኛ መጣ፤ ቶፊቅ ጥግ ይዞ ቆመለት።

"መንገዱ ለከብቱም ለእህሉም አንድ ነው" አለ። "ይሄን እያወቅን በረሃ ላይ እንዳለን ነው የምንበረው።"

ረፋድ፣ ጨፋ ሮቢት

ጀማል በር አጠገብ ባለ አልጋ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ጠቁሯል፣ ክንዶቹ ግን ጠንክረዋል። ባለቤቱ ዘይነባ ልብሱን በፌስታል አዘጋጅታለች። መኪና ላይ የምናወጣበት ጊዜ ሲደርስ ቶፊቅና ሁለት ጎረቤቶች ተጠጉ። አንድ ረጅም ሰው ግን ግድግዳውን ተደግፎ፣ እጆቹን ከኋላው አጣምሮ ቀረ።

"እሱ ሁሴን ነው" አለችኝ ዘይነባ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ማሳው መንገድ ዳር ነው። ያን ቀን ከተገለበጠው መኪና ጎትቶ ያወጣው እሱ ነው። ጤና ጣቢያ ሲያደርሱት ባለሙያው 'እንዲህ ጎትቶ ያወጣው ማነው? አከርካሪው የተጎዳ ሰው እንደዚህ አይነካም' አለ። ሁሴን ሰማ። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤት በሄደ ቁጥር አብሮት ይሄዳል። ግን ወላሂ፣ አንድ ቀን አንስቶት አያውቅም። እጁን ይፈራል።"

ጀማልን ከፊት ወንበር አስቀምጠን በቀበቶ አሰርነው። እኔና ሁሴን ከኋላ ሆንን። ዘይነባ ልጆቹ ጋ ቀረች።

መንገድ ላይ፣ ወደ ከሚሴ

ሮቢትን ትንሽ እንዳለፍን ግመሎች መንገድ ሲያቋርጡ ደረስን። ቶፊቅ ቆመ። ሁሴን ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ፤ አደጋው የደረሰበት ቦታ ይኸው ነበር።

"ሹፌሩ የሰንበቴ ገበያ ሳይበተን ሌላ ምልልስ ሊጭን ይቸኩል ነበር" አለ ጀማል፣ ፊት ለፊቱን እያየ። "እኛም 'ንዳው!' እንለዋለን። መታጠፊያው ላይ ከባድ መኪና ሊቀድም ወጣ። ግመሎቹን ያያቸው ከወጣ በኋላ ነው። እሱ እዚያው ሞተ፣ አላህ ይማረው።"

ግመሎቹ አለፉ። ቶፊቅ ግን አልነዳም።

"ሁሴን" አለ ጀማል። "አንድ ነገር ልንገርህ።"

"እሺ።"

"መኪናው በጎኑ እንደተኛ፣ መስኮቱን በእግሬ ልሰብር ሞከርኩ። እግሬ አልታዘዘኝም። አንተ ገና ማሳህ ላይ ነበርክ፣ ስትሮጥ አየሁህ። እግሬ ሳትነካኝ በፊት ነው የሄደው።"

ሁሴን ፊቱን ከመስኮቱ መለሰ።

"ያ ጀማል" አለ። "ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄን ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

ጀማል ወደ ኋላ ሳይዞር መለሰ። "ሹፌሩ ሞቷል። የምቆጣው ሰው አጣሁ። አንተ 'እኔ ነኝ የጎዳሁት' እያልክ ስታለቅስ ሳይ ትንሽ ይቀለኝ ነበር። ከዚያ ጊዜው ሄደ፣ አፈርኩ። አፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።"

ሁሴን በሩን ከፍቶ ወረደ። የመንገዱን ዳር ይዞ ወደ ማሳው አቅጣጫ ሄደ። የማይመለስ መስሎኝ ነበር። ጀማል በጎን መስታወት ይከተለዋል። ቶፊቅ እንኳ መሪውን ይዞ አንገቱን ደፍቷል።

ሲመለስ ፊቱን በሀይላንድ ውሃ ታጥቧል። ገባ፣ በሩን ዘጋ። "ንዳ" አለ ለቶፊቅ። "ቀስ ብለህ ንዳ።"

ከሚሴን፣ ሐርቡን፣ ኮምቦልቻን አለፍን።

ከሰዓት በኋላ፣ ደሴ

ሆስፒታሉ በር ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ጠየቅን፤ ጠብቁ ተባልን። ሁሴን ግን ወርዶ የፊቱን በር ከፈተ።

"አንገቴን ያዝ" አለው ጀማልን።

አንድ እጁን ከጀርባው፣ ሌላውን ከጉልበቱ ስር አስገብቶ አነሳው። ጀማል ግንባሩን የሁሴን ትከሻ ላይ ደፋ። እንዲህ ሆነው ገቡ፤ እኔ ፌስታሉን ይዤ ከኋላ።

ሐኪሟ አይታው ስትጨርስ እውነቱን ነገረችን። ቁስሉ ይድናል፣ ክንዱ ይበረታል፣ እግሩ ግን አይመለስም። ጀማል "አልሃምዱሊላህ" አለ። ያወቀው ነገር ነው።

ጀማል አልጋ እስኪሰጠው እኔና ሁሴን ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። አፍ ብለኸዋል ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

"አፍ ብዬዋለሁ" አለ። መዳፎቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ያያቸዋል። "ግን አደጋው በደረሰ በወሩ ሴት ልጅ ተወለደችልኝ። እሰብራታለሁ ብዬ አቅፌያት አላውቅም። እናቷ 'ያዛት' ትለኛለች፣ ሥራ አለኝ ብዬ እወጣለሁ። አሁን መሮጥ ጀምራለች። ባለፈው ጁምዓ ነይ ብዬ እጄን ብዘረጋላት፣ በእናቷ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀች።"