የአባቴ ሲሪንጅ
አባቴ የስኳር በሽተኛ ነበር። ጠዋት ጠዋት እናቴ የመስታወት ሲሪንጁን በጣሳ ቀቅላ ራሷ ትወጋዋለች። በደርግ መጨረሻ ዓመታት ደሴ ውስጥ መርፌ እንደ ልብ አይገኝም፤ ስለዚህ የእኛው ሲሪንጅ የሰፈሩም ነበር። በሰፈራችን በሆጤ ያልተወጋ በሽተኛ ታከመ አይባልም፤ ክኒንማ ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት! መርፌ ይዞ እንቢ ያለ ጎረቤት ደግሞ ወዮለት።

ከዚያ ራዲዮኑ ስለ ኤድስ ማውራት ጀመረ፤ በመርፌም ይተላለፋል አለ። እናቴ "አዑዙ ቢላህ! ከእንግዲህ ይሄ ሲሪንጅ ከቤቴ አይወጣም" ብላ ማለች።

መሐላዋ ብዙ አልቆየም። እኔን ስትወልድ ያራሰቻት ጎረቤታችን መጣች። ልጇ ከኮምቦልቻ አሰብ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ያ ደንዳና ልጅ ከስቶ አጥንቱ ቀርቷል፤ ሌት ተቀን ሲስል በግድግዳው ይሰማናል።

"እህቴ፣ መርፌ ወጊው ድሬሰር መድኃኒቱን ይዞ ቁጭ ብሏል፤ መርፌ ግን የለውም። ስለ አላህ ብለሽ!" አለቻት።

እናቴ አባቴን አየችው። እኔ በሆዴ "እንቢ በላት፣ አባባ" እላለሁ።

"ስጪያት እንጂ! ልጅ ታሞባት!" አለ።

ሴትዮዋ መርቃን ስትወጣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስትመልስ አትቀበያት። እኔ ሐኪም ቤት እየሄድኩ እወጋለሁ።"

"እቀቅለዋለሁ እኮ።"

"ብትቀቅይውም ልቤ አያምነውም።"

ስኳሩ ባቆሰለው እግሩ የሐኪም ቤቱን ዳገት ሊወጣ! በጣም ተናደድኩ። ለእኛ ሲሆን ቁጡ ነው፣ ለጎረቤት ሲሆን ግን ነፍሱን ይሰጣል።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሴትዮዋ ሲሪንጁን አጥባ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ አመጣች። ፊቷ በርቷል። "አልሐምዱሊላህ፣ ትንሽ ቀለል ብሎታል" አለች።

እናቴ እጇን አልዘረጋችም። "እዚያው ይሁን፤ ለልጅሽ ይሆነዋል።"

"ባልሽስ በምን ሊወጋ?"

"እሱ... ሌላ አግኝቷል።"

እናቴ መዋሸት አታውቅበትም። ሴትዮዋ እሷን አየች፣ አባቴን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ደጃፉ ላይ ዘጭ አለች።

"ያ በሽታ ነው ልጄን የያዘው?"

"ወላሂ አላውቅም" አለች እናቴ፣ አጠገቧ ተቀምጣ እያቀፈቻት። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ምነው ያን ለት እንቢ ባላችሁኝ" አለች ሴትዮዋ። "እናንተን ተቀይሜ፣ ልጄ ይድናል እያልኩ እኖር ነበር።"