ግማሽ ላይ የቆመው ጥልፍ

ያን ቀን ሾላ ሰፈር፣ ጥልፍ ቤቱ ውስጥ አራት ነበርን። አንደኛዋ እትዬ የምላቸው የቤቱ ባለቤት፤ ከኮምፒውተሩ ጎን ቆመዋል። ሁለተኛው ጋሼ የምላቸው ልብስ ሰፊ፤ ጥግ ይዘው በሲንጀራቸው ላይ አጎንብሰዋል። ሦስተኛዋ የሙሽራይቱ እናት፤ በሩ አጠገብ ቦርሳቸውን ታቅፈው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አራተኛው እኔ ነኝ፤ የኮምፒውተር ጥገናን ስልኬ ላይ እያየሁ በራሴ የተማርኩ።

ወሩ ጥር ነው፣ ሠርጉ እሁድ። የሙሽራይቱ ቀሚስ በጥልፍ ማሽኑ ፍሬም ላይ እንደተወጠረ ነው፤ ደረቱ ላይ የሚወርደው ጥልፍ ግማሹ ተሠርቷል፣ ግማሹ ባዶ ነው። ማሽኑን የሚያዝዘው ኮምፒውተር ጠዋት ሥራ መሀል ተበላሽቶ አልነሳ ብሏል። ማሽኑ ከጠፋ ወይም ሸማው ከፍሬሙ ከወረደ መርፌው ያቋረጠበትን ቦታ አያገኝም። ሌላ ሸማ ደግሞ የለም፤ ለእሷ ተብሎ የተሸመነ ነው። ስለዚህ ስሠራ አንድ ዓይኔ አምፖሉ ላይ ነበር። መብራት ከሄደ ማሽኑም ይጠፋል።

ዲዛይኖቹን በሙሉ ወደ ራሴ ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩ፤ አንድ በአንድ ከፍቼም አየኋቸው። ከዚያ ኮምፒውተሩን ፎርማት አድርጌ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እንደ አዲስ ጫንኩ። የስልኬ ኢንተርኔት ስላለቀ ካርድ ልገዛ ወጥቼ ተመለስኩ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር።

የቀረው የጥልፉ ፕሮግራም ነበር። እሱ አዲስ ሲጫን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ማሽኑ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አስገብቶ በኢንተርኔት ማረጋገጥ ነው። አስገባሁ። አልተቀበለኝም። ከሥሩ በቀይ ጽሑፍ ሁለት ሙከራ እንደቀረኝ፣ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ለዘለቄታው እንደሚዘጋ ይናገራል። እትዬ እያነበቡልኝ፣ እያንዳንዱን ፊደል መልሼ እየጠራሁ ደገምኩት። አሁንም እምቢ። እትዬ ማሽኑን ወደሸጠላቸው ሰው ደወሉ። ሰውየው ቦሌ የነበረውን ቢሮውን ከዘጋ ቆይቷል፤ ስልኩም ዝግ ነው።

«ምን አለ?» አሉ የሙሽራይቱ እናት።

«አንድ ቀርቷል።»

«አንድ ምን?»

ቀዩን ጽሑፍ በጣቴ አሳየኋቸው።

«ሐኪሙ ዝም ካለማ በሽተኛውን ተሰናበቱት» አሉ ጋሼ።

«አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ማሽኑ ላይ ወጥሬ እንዳልጠልፈው» አሉ እትዬ።

የሙሽራይቱ እናት አልሳቁም። «ልጄን ግማሽ ልብስ አልብሼ ልዳራት ነው?» አሉኝ፣ ቀስ ብለው። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ተነስቼ መውጣት፣ ታክሲ ይዤ መጥፋት አማረኝ።

የመጨረሻውን ሙከራ ከመንካቴ በፊት ኢንተርኔቱን ልፈትሽ ብዬ አንድ ሌላ ገጽ ከፈትኩ። ገጹ አይታመንም ብሎ ከለከለኝ። ሌላ ሞከርኩ፣ እሱም ያው። እንግዲያስ ችግሩ የቁጥሩ ብቻ አይደለም። ያኔ ነው ስክሪኑ ታች ጥግ ያለውን ቀን ያየሁት።

«እትዬ፣ እኔ ካርድ ልገዛ ስወጣ ኮምፒውተሩን ነክተውታል?»

«ቀኑን ብቻ። ተሳስቶ ነበር፤ እንደ ሁልጊዜው ከግድግዳው ካላንደር አይቼ አስተካከልኩልህ።»

ለካ የውስጥ ባትሪው ስለሞተ በየጠዋቱ ቀኑን የሚሞሉት እሳቸው ናቸው፤ የትኛው ዲዛይን መቼ እንደታዘዘ እንዲያውቁበት፣ በእኛ አቆጣጠር። ወሩ አምስት፣ ዓመቱም የእኛ፣ ሰዓቱም የእኛ። ድሮ ፈቃድ ያገኘው ፕሮግራም ይህ ግድ አይሰጠውም ነበር። አሁን ግን አዲስ ፈቃድ ስንጠይቅ፣ ጥያቄያችን ቁጥሩ ገና ካልተሸጠበት ዘመን የመጣ ይመስላል።

«በስምንት ዓመት ወጣት አደረግሽው» አሉ ጋሼ። «የእኔንም ዕድሜ አስተካክዪልኝ።»

ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር አረምኩ። የከለከለኝ ገጽ ተከፈተ። ቁጥሩንም ጻፍኩ። ጣቴ ግን አልታዘዝ አለኝ። ምክንያቱ ሌላ ቢሆንስ? ዓይኔን ጨፈንኩ። የኪቦርዱ ቁልፍ ሲጫን ሰማሁ፤ የሙሽራይቱ እናት የሆነ ነገር አጉረመረሙ። ስገልጥ ፕሮግራሙ ተከፍቷል።

ዲዛይኑን ጫንኩ። እትዬ መርፌውን በእጃቸው ቀስ አድርገው አወረዱት፤ የመጨረሻው ክር የወጣበት ቀዳዳ ውስጥ ገባ። ማሽኑ ሲነሳ እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ያን ቁልፍ የተጫነው የእኔ ጣት እንዳልነበረ እርግጠኛ ነኝ። የማን እንደነበረ ግን ያን ዕለት መጠየቅ አፈርኩ። እትዬ፣ ጋሼ፣ የሙሽራይቱ እናት፣ ይህ ከደረሳችሁ የጎደለውን ሙሉልኝ። ቁልፉን የተጫነው ማናችሁ ነበር? የሙሽራይቱ እናት፣ እርስዎስ ያኔ ምን ነበር ያሉት?