ትርፍ ድንች

«አባ ግራም» የሚለውን ስም ያወጣላቸው የሰፈሩ ሰው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በየሱቁ እየዞሩ ሚዛን ሲፈትሹ ኖረው ጡረታ ቢወጡም፣ ዓይናቸው ግን ጡረታ አልወጣም።

ልጃቸው አብራቸው ሳለች አስቤዛ የምታመጣው እሷ ነበረች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱፐርማርኬት ሄዳ የታሸገውን ሁሉ በመኪናዋ ጭና ትመጣለች። ለሥራ ሌላ ከተማ ስትዛወር እሳቸው ዘንቢል አንጠልጥለው መውጣት ግድ ሆነባቸው። ሱፐርማርኬቱ ለጉልበታቸው ሩቅ ነው፤ የአትክልት ሱቋ ግን ከመንገዱ ማዶ ናት።

ባለሱቋ ሁለት ኪሎ ድንች መዘነችላቸው። ቤት ገብተው በራሳቸው ሚዛን ላይ ቢያስቀምጡት ሁለት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ሆኖ አገኙት።

«ይቺ ሴትዮ ምን ፈልጋ ነው?» አሉ ለብቻቸው።

በሳምንቱ ሽንኩርት ገዙ፤ ትርፍ። ቲማቲም ገዙ፤ አሁንም ትርፍ። ቢጎድል ኖሮ የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር፤ የሚጨምር ነጋዴ ግን በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ገጥሟቸው አያውቅም። ሚዛኗ ተበላሽቶ ይሆን? ጎረቤታቸው ነርሷ ከዚያው የገዛችውን ካሮት ለምነው መዘኑት፤ ዝንፍ ሳይል አንድ ኪሎ። እንግዲያው ነገሩ በእሳቸው ላይ ብቻ ነው። ልትለማመጣቸው ነው? ለምን? ጉዳዩ ከነከናቸው።

አንድ ጠዋት፣ ገበያተኛ ሳይገባ ሄዱ።

«ስሚ ልጄ፣ ለእኔ ለምንድን ነው የምትጨምሪው?»

ሴትዮዋ ክው አለች። «ምን ጨመርኩ ጋሼ?»

«እኔን አትሸውጂኝም። በኪሎ መቶ ግራም!»

እጇን በሽርጧ ጠራረገች። «እውነቱን ልንገርዎት? እንደዚያ ሚዛኑ ላይ ሲያፈጡ አንድ ሁለት ፍሬ ጣል አደርጋለሁ። አንዲት ግራም ብትጎድል ጉዴ ፈላ እላለሁ። እኔ ብቻ መሰልኩዎት? ዳቦ ጋጋሪውም እርስዎን ሲያይ ትልቅ ትልቁን ነው የሚመርጠው።»

አላመኗትም። ብልጥ ሰው ሲያዝ እንዲህ ነው ብለው ወጡ። ለማረጋገጥ ዳቦ ቤቱ ጎራ ቢሉ፣ ደርቶ የነበረው ጨዋታ ቀጥ አለ። ያንን ዝምታ ዕድሜ ልካቸውን ያውቁታል፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ግን አክብሮት ይመስላቸው ነበር። ዳቦውን ሳያዩት ተቀብለው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ሲመዘንላቸው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ስለ አየሩ ያወራሉ። ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ አንገታቸው በራሱ ጊዜ ልዙር እያለ ይታገላቸዋል። ቤት ሲገቡ መመዘኑንም አልተዉም። ትርፉ መጀመሪያ ወደ ሰማንያ፣ ቆይቶ ወደ ሠላሳ ወረደ። አንድ ሰኞ ደግሞ አሥራ አምስት ግራም ጎደለ።

ብድግ አሉ። ኮታቸውን አጠለቁ፣ በሩን ከፈቱ። ተሳስታ ነው ወይስ ደፍራ? ደፍ ላይ ትንሽ ቆሙና ተመልሰው ቢላዋ አነሡ።

«ደፍራ ነው» አሉ ድንቹን እየላጡ፣ እምብዛም ቅር ሳይላቸው።